ሙቀት የሚያየው ቴሌስኮፕና የሱሉልታ ውርጭ

ጥያቄው የደረሰኝ ከሱሉልታ ነው። ጠያቂው በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ በሌሊት የሚጠብቁ አባት ናቸው። ከሞላ ጎደል በራሳቸው ቃል ላስቀምጠው፦

«ልጄ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ፎቶዎች በስልኬ አሳየችኝ። ሙቀት ነው የሚያየው አለችኝ። ደግሞ ከዜሮ በታች 230 ምናምን ዲግሪ ቀዝቅዞ ነው የሚሠራው አለች። እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ። ሙቀት ለማየት መቀዝቀዝ ምን ያደርጋል? እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፕ እያለንስ ያን ያህል ርቆ መሄድ ምን የተለየ ነገር ያሳያል?»

ጋሼ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ቴሌስኮፑ ስንት ፈጀ የሚለውን ነው። ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ እሱን እንገላገል። የእርስዎ ጥያቄ ግን የሠሩትን መሐንዲሶች ለዓመታት እንቅልፍ የነሳ ጥያቄ ነው። እኔ ሥራዬ ከዋክብት ነው፤ ቤቴም ከእርስዎ ሩቅ አይደለም። የሱሉልታን የታኅሣሥ ሌሊት በደንብ አውቀዋለሁ። መልሱም ያለው እዚያ ብርድ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ግን ከሰሉን እንይ።

ሌሊት እሳት እንደሚያነዱ እገምታለሁ። ከሰሉ ሲያያዝ ብርቱካን ይመስላል። ቆይቶ ይቀላል። ከዚያ አመድ ይለብስና ይጨልማል። ዓይንዎ «ጠፋ» ይላል። እጅዎ ግን አይስማማም። እጅዎን ከላይ ሳይሆን ከጎን ቢያደርጉት እንኳ ግለቱ ይሰማዎታል። ትኩስ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ወደ ጎን የመጣልዎት ታዲያ ምንድን ነው? ብርሃን ነው። ዓይን የማያየው፣ ቆዳ ግን የሚያውቀው ብርሃን። በመማሪያ መጻሕፍት «ታህተ ቀይ» ይባላል። ሰው የለመደው ኢንፍራሬድ የሚለውን ስለሆነ እኔም በእሱ እቀጥላለሁ።

ይህን መጀመሪያ የደረሰበት ዊልያም ኸርሸል ነው፤ በ1800። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ሰንጥቆ እንደ ቀስተ ደመና ዘረጋው። በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ አልፎ፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ ላይ ያኖረው ቴርሞሜትር ሙቀት አሳየ። ብርሃን ዓይናችን ባቆመበት ቦታ አያቆምም ማለት ነው።

ዓይናችን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር የሆነውን ብርሃን ብቻ ነው። ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የጋለ ነገር በአጭር ሞገድ ያበራል፤ ሲቀዘቅዝ ሞገዱ ይረዝማል። ፀሐይ በዋናነት በሚታየው ብርሃን ታበራለች። እርስዎ ጋቢዎን ለብሰው እዚያ ተቀምጠው 9 ማይክሮሜትር አካባቢ ላይ እያበሩ ነው። እውነቴን ነው። ሰው ሁሉ ያበራል፤ ውሻውም፣ ብሎኬቱም፣ የቆርቆሮ አጥሩም። ሙሉ በሙሉ የማያበራ ነገር የለም፤ ልዩነቱ የመጠንና የሞገድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። በጨለማ የሚመጣ ሰው ለመለየት ቆመዋል እንበል። ባትሪዎ ግን የሚያበራው ወደ ራስዎ ዓይን ነው። ማንን ያያሉ? ማንንም። ያልቀዘቀዘ ኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ማለት ይህ ነው። መስታወቱ ያበራል። የተሸከመው ብረት ያበራል። ካሜራው ራሱ ያበራል። እነዚህ ሁሉ የሚያበሩት ደግሞ ቴሌስኮፑ ሊያየው በሚፈልገው በዚያው ብርሃን ነው። ከሩቅ ጋላክሲ፣ ማለትም ከሩቅ የከዋክብት መንጋ፣ የምትመጣው ጭላንጭል በቴሌስኮፑ በራሱ ግለት ትዋጣለች። ማቀዝቀዝ ባትሪውን ማጥፋት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር የብርሃን ጠብታ ሲያርፍበት አንድ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፤ እሱን ይቆጥራል። ሴንሰሩ ሞቅ ካለ ግን ብርሃን ሳያርፍበትም ኤሌክትሮን ይለቅቃል። ሰው ሳይመጣ የሚጮህ ውሻ አለ አይደል? ሌሊቱን ሙሉ ያስነሳዎታል፤ እውነተኛው ሌባ ሲመጣም አያምኑትም። ሴንሰሩን ማቀዝቀዝ ውሻውን ሰው ሲመጣ ብቻ እንዲጮህ ማስተማር ነው።

እንዴት ነው ታዲያ ያን ያህል የሚቀዘቅዘው? በእኔ ግምት የታሪኩ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ደግሞ እርስዎ ከብዙ ሰው በተሻለ በዓይንዎ አይተውታል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ጠዋት ቆርቆሮው ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ የመኪና ጣሪያ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ያገኙታል። ዛፍ ሥር ያለው ሣር ላይ ግን የለም። ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ያለው መሬት ላይም የለም። ደመና በሸፈነው ሌሊት ደግሞ የትም የለም። አንድ ነገር ላክልልዎ፤ ውርጭ ባለበት ሌሊት አየሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በላይ ነው። ቆርቆሮው ከአየሩ ይበልጥ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ምን አቀዘቀዘው? ያው ቅድም ያልነው ብርሃን ነዋ። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ በኢንፍራሬድ ያበራል፤ ሙቀቱን ይሰጣል። ደመና ወይም ዛፍ ከላዩ ካለ ብድሩን ይመልስለታል። ጥርት ያለ ሰማይ ግን ብዙም አይመልስም። ሰጥቶ ሰጥቶ ባዶውን ይቀራል። ውርጭ ይሠራል። ገበሬው ሰብሌን ውርጭ መታው የሚለው ይህንኑ ነው።

ጄምስ ዌብም የሚቀዘቅዘው እንዲሁ ነው። ጀርባውን ለፀሐይ፣ ፊቱን ለጥቁሩ ሰማይ ሰጥቶ ሙቀቱን ያፈሳል። ጥልቁ ሰማይ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ ነው። በሱሉልታ ያለው ቆርቆሮ ጥቂት ዲግሪ ብቻ የሚቀዘቅዘው አየር በጎን እየመጣ ስለሚያሞቀው ነው። እዚያ አየር የለም። የሚያሞቀው ነገር ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ ብቻ ናቸው። ለእነሱ ደግሞ ጃንጥላ አለ።

ጃንጥላው አምስት ድርብ ነው። ርዝመቱ 21 ሜትር፣ ስፋቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው ካፕተን ከሚባል ስስ ፕላስቲክ ሲሆን አሉሚኒየም ተለብጧል። ለፀሐይ የተጋለጠው ንብርብር ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌሎቹ አራቱ የእሱን ግማሽ ናቸው። አንድ ወፍራም ነገር ለምን አይበቃም ቢሉ፣ ወፍራሙ ቀስ በቀስ ይሞቅና ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። አምስቱ ግን በመካከላቸው ባዶ ክፍተት አለ። ከአንዱ ያመለጠ ሙቀት በክፍተቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል በጎን በኩል ወደ ሰማይ ይወጣል። ሁለት ስስ ብርድ ልብስ ከአንድ ወፍራም ለምን እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ውጤቱ የሚገርም ነው። በፀሐይ በኩል 85 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በመስታወቱ በኩል ከዜሮ በታች 233 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው ያ ጃንጥላ ብቻ ነው።

ርቆ የሄደውም ለዚሁ ሲባል ነው። ሐብል የሚባለው ታዋቂ ቴሌስኮፕ ከምድር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራል። እዚያ ፀሐይ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ትመጣለች። ሞቃቷ ምድርም ከሥሩ ተዘርግታለች። ጃንጥላውን ወዴት ይዘረጋዋል? ዌብ የሄደው ግን 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ የጨረቃን ርቀት አራት እጥፍ ገደማ። እዚያ ቦታ ላይ ፀሐይም፣ ምድርም፣ ጨረቃም ሁልጊዜ በአንድ ወገን ናቸው። ጃንጥላውን ወደዚያ ማዞር ብቻ ነው።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ፣ ረጅሙን ሞገድ የሚያየው፣ ይህም ብርድ አይበቃውም። እሱ ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ ድረስ መውረድ አለበት። ለእሱ ብቻ በሂሊየም ጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለታል፤ በጥሬው ፍሪጅ ነው። ከዌብ በፊት የነበሩት እንዲህ አልነበሩም። ብዙዎቹ ፈሳሽ ሂሊየም በበርሜል ይዘው ነበር የሚሄዱት። አይራስ የተባለው በ1983 ተነሥቶ ለ10 ወር ያህል ሠራ። ስፒትዘር በ2003 ተነሣ፤ ሂሊየሙ በ2009 አለቀበት፤ ከዚያ በኋላ በአጭሩ ሞገድ ብቻ እስከ 2020 ቆየ። በኸርሸል ስም የተሰየመው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ ከ2000 ሊትር በላይ ሂሊየም ተሸክሞ ሄዶ በ2013 ጨረሰው። ጋኑ ሲነጥፍ ድግሱም ያበቃል። ዌብን የሚለየው ዋናውን ብርድ በነፃ ማግኘቱ ነው።

መስታወቱን ባጭሩ ላንሳ። ስፋቱ 6.5 ሜትር ነው። ሮኬቱ ውስጥ ስለማይገባ ከ18 ቁራጮች ተሠርቶ ታጥፎ ሄደ። ቁራጮቹ ቤሪሊየም ከሚባል ቀላልና ጠንካራ ብረት ናቸው። ላያቸው በወርቅ ተለብጧል፤ ወርቅ ኢንፍራሬድን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይመልሳል። ሁሉም ተደምሮ 48 ግራም ገደማ ወርቅ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ወርቁ ሳይሆን አሞራረዱ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ቅርጹ ትንሽ ይለወጣል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ መስታወቱን ምድር ላይ ሆን ብለው «አጣመው» ነው የሞረዱት፤ እዚያ ሲደርስና ሲቀዘቅዝ እንዲቃና። ገና ያልመጣን ብርድ አስልቶ ማጣመም! አናጺ ሰው ቢሰማው ይስቃል።

የተነሣው ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ገና ዕለት። ተጣጥፎ የሄደው ሁሉ በመንገድ ላይ መዘርጋት ነበረበት። ጃንጥላውን ብቻ የያዙት 107 መቆለፊያዎች ነበሩ፤ አንዱ ባይከፈት ሄዶ የሚጠግን ሰው የለም። መስታወቱ ተዘርግቶ ያለቀው ታኅሣሥ 30 ነው። የእኛ ገና ማግስት ማለት ነው። ያን ሰሞን ዶሮው ሲወጣ እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ። እናቴ «አሁንም ሰማይ ላይ ነህ?» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የወጡት ሐምሌ 5 ቀን 2014 ነው።

እንጦጦን እንዳልረሳው። እዚያ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ነው። ቦታው 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ለሚታየው ብርሃን መልካም ቦታ ነው፤ ክረምቱን ግን ደመና ይወስደዋል። ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን ለመከታተል፣ ተማሪ ለማስተማር ጥሩ ናቸው። ለኢንፍራሬድ ግን ምድር ላይ መሆን ራሱ ችግር ነው። አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ይውጠዋል። ጥቂት ክፍተቶች ብቻ ይተዋል፤ የቆርቆሮዎ ሙቀት ያመለጠውም በአንዱ ክፍተት ነው። ደግሞ አየሩ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ያበራል። ቀንም ሌትም ያበራል። ቴሌስኮፑን ቢያቀዘቅዙት ሰማዩን ማቀዝቀዝ አይችሉም። አሜሪካኖቹና ጀርመኖቹ መፍትሔ ብለው ቴሌስኮፕ በቦይንግ አውሮፕላን ላይ ጭነው እስከ 2022 አብርረዋል። እሱም ከምድር ይሻላል እንጂ ህዋን አይተካም።

ምን ያሳያል ላሉት፣ ወደ ማድ ቤት ልውሰድዎ። የባሕር ዛፍ ቅጠሉ እርጥብ በሆነ ዕለት እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ገብተው ጋጋሪዋን አያዩዋትም። ዓይንዎ ያለቅሳል። ፊትዎ ግን ምጣዱ የት እንዳለ ያውቃል። የጭሱ ብናኝ ጥቃቅን ነው፤ አጭር ሞገድ ያለው ብርሃን ከእሱ ጋር እየተጋጨ ይበተናል። ረጅሙ ሞገድ ግን ብናኙን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ያልፋል። ሰማይ ላይም ጭስ አለ። ከዋክብት የሚወለዱት በጋዝና በአቧራ ደመና ውስጥ ነው። በ1995 ሐብል ያነሳው «የፍጥረት ዓምዶች» የሚባል ዝነኛ ፎቶ አለ፤ 6500 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ያለ ቦታ ነው (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። ዓምዶቹ ድፍን ግድግዳ ይመስላሉ። ዌብ በ2022 ያነሳውን ልጅዎ ጎን ለጎን ታሳይዎት። ግድግዳው መጋረጃ ሆኗል። ከኋላውና ከውስጡ ከዋክብት ፈሰዋል፤ ገና ከመወለዳቸው የቀሉም አሉ።

የጋላክሲያችንን መካከልም የሸፈነው ይኸው ጭስ ነው። ራይንሃርድ ጌንዝልና አንድሪያ ጌዝ በኢንፍራሬድ ለዓመታት ከዋክብትን እዚያ ተከታትለው፣ የፀሐይን ክብደት 4 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የሚያህል የማይታይ ነገር ዙሪያ እንደሚዞሩ አሳዩ። በ2020 ኖቤል ተሸለሙ። ያንን ያደረጉት ምድር ላይ ሆነው፣ በእነዚያ ክፍተቶች በኩል ነው።

ዌብ የሚያሳየው ሁለተኛው ነገር የጥንቱ ብርሃን ነው። ዩኒቨርስ እየሰፋ ስለሆነ በመንገድ ላይ ያለ ብርሃን አብሮ ይለጠጣል። ዌብ ካገኛቸው ጋላክሲዎች አንዱ ብርሃኑ የተነሣው ዩኒቨርስ 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው ነው፤ ዛሬ ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ነው። ያ ብርሃን 15 እጥፍ ገደማ ተለጥጦ ነው የደረሰን። ሲነሣ ለዓይን የሚታይ የነበረው ሲደርስ ኢንፍራሬድ ሆኗል።

ለእኔ የሚጣፍጠው ግን የፕላኔቶቹ ነገር ነው። ትራፒስት አንድ የምትባል ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች፤ 40 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ሰባት ፕላኔቶች እንዳሏት በ2017 ታውቋል። ፕላኔቶቹን ለይቶ ማየት አይቻልም፤ ከኮከቧ ጋር አንድ ነጥብ ናቸው። ታዲያ ለኮከቧ በጣም የምትቀርበውን ፕላኔት ሙቀት እንዴት ለኩት? ጠበቁ። ፕላኔቷ ስትዞር ከኮከቧ ኋላ ትደበቃለች። ከመደበቋ በፊት የኮከቧንና የፕላኔቷን ሙቀት አብረው ይለካሉ። ስትደበቅ የኮከቧን ብቻ። ሲቀነስ የቀረው የፕላኔቷ ነው። በ2023 የወጣው ውጤት የኮከቧ ብርሃን የሚመታው ገጽታዋ 230 ዲግሪ ገደማ እንደሆነ አሳየ። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ወፍራም አየር ቢኖራት ሙቀቱን ወደ ጨለማው ጎን ይወስደው ነበር፤ ያን ያህል ባልጋለች። ስለዚህ አየሯ ወይ የለም፣ ወይ ከቁጥር አይገባም። የእንግዳ ፕላኔት ግለት እንደ ሥጋ ቤት ሚዛን ተቀንሶ ሲታወቅ አይገርምም?

ፕላኔት ካነሳን አይቀር፦ በ2019 ኢትዮጵያ የአንድ ኮከብና የፕላኔቱን ስም እንድታወጣ ዕድል ተሰጥቷት ነበር። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባሉ። 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ። አቦል የተገኘው በኢንፍራሬድ ሳይሆን ኮከቡን ሲያወዛውዘው ነው። ቶናና በረካ ይቀሩናል።

ወደ ምድር የሚመጡ ድንጋዮችንም በሙቀታቸው መመዘን ይቻላል። ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ነጭ ድንጋይና ትልቅ ጥቁር ድንጋይ እኩል የፀሐይ ብርሃን ሊመልሱ ይችላሉ። ጥቁሩ ግን ብዙ ሙቀት ይሰጣል። በ2025 መጀመሪያ ላይ በ2032 ምድርን ሊመታ ይችላል ተብሎ ስጋት የፈጠረ አንድ ድንጋይ ነበር። ዌብ ግለቱን አይቶ 60 ሜትር ገደማ ነው አለ። ስሌቱ ሲጣራ ምድርን እንደማይመታ ታወቀ፤ ተንፈስ አልን።

ልጅዎ አንድ ነገር መጠየቋ አይቀርም፤ «ኢንፍራሬድ የማይታይ ከሆነ ፎቶው ቀለም ከየት አመጣ?» ካሜራው የሚልከው ጥቁርና ነጭ ነው። በየማጣሪያው አንድ አንድ። ረጅሙ ሞገድ በቀይ፣ አጭሩ በሰማያዊ ይቀባና ይደረባል። ድምፁ ለጆሮ በጣም ወፍራም የሆነ ዘፈንን ቀጠን አድርጎ እንደ መዝፈን ነው፤ ዜማው ያው ነው። ውሸት የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ ቅደም ተከተሉ ተጠብቋል።

ሁለት ነገር ሞክሩ። ቀን ላይ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ወደ ስልክዎ ካሜራ አዙራችሁ ተጫኑት። ስክሪኑ ላይ ጫፉ ብልጭ ሲል ታያላችሁ፤ በዓይን ግን ምንም የለም። በኋለኛው ካሜራ ካልታየ በፊተኛው ይሞክሩት።

ሁለተኛው የእርስዎ ነው፤ ሌሊት ስለሚያድሩ። ሁለት ቁራጭ ቆርቆሮ ሣር ላይ ያስቀምጡ። አንዱን ሰማይ ይይ። ከሌላው በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ጣውላ ይጋርዱለት። ሊነጋጋ ሲል ሁለቱንም ይዳስሱ። ደመና ያለበት ሌሊት አይሠራም፤ ነፋስ ካለም አይሠራም። የጠራና ጸጥ ያለ ሌሊት ይምረጡ፣ ጋቢውንም አይርሱ።